መስኮት በሌለው ቤት ፊደል አይቆጠርም

ልጅን በገዛ ቤት፣ በገዛ ምድጃ አጠገብ ማስተማር ቀላል ነገር የሚመስለው ሰው ካለ እስቲ አረፍ ይበልና ያዳምጠኝ። እኔም ቀላል ይመስለኝ ነበር። አንድ መምህር፣ አንድ ልጅ፣ አንድ ቁርበት፤ በቃ! ከዚያ በኋላ የተጨመረውን ሁሉ ስነግራችሁ ግን፣ ቤቴ ትምህርት ቤት ሆነ ወይስ ትምህርት ቤቱ ቤቴን ዋጠው የሚለውን እናንተው ትፈርዳላችሁ።

ያን ጊዜ ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ላይ ተቀምጧል። እኔ ደግሞ ከከተማው ዳር፣ ወደ ሮብ ገበያ በሚወስደው መንገድ አፍ ላይ፣ አንዲት የእግር መኪና ይዤ ልብስ እሰፋለሁ። ልብስ ሰፊ ስላችሁ ትጉህ ሰው እንዳይመስላችሁ። የእግር መኪና እንደ እኔ ላለ ሰው ክፉ መሣሪያ ነው። እግር ይረግጣል፣ መንኮራኩሩ ይዞራል፣ ድምፁ እሹሩሩ ይላል፤ ሐሳብ ደግሞ ጉም ላይ ተፈናጦ ወደ ጮቄ ይወጣል። የአገራችንን ጉም የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ከተራራው ሲወርድ እንደ እንግዳ ደጅ ላይ ቆሞ «ቤቶች!» አይልም፤ እንደ ቤተ ዘመድ ዘው ብሎ ይገባል። በዚያ ጉም ውስጥ ሆኜ፣ መኪናዬን እየረገጥኩ፣ ስንቱን እጀ ጠባብ ሦስት እጅ አውጥቼለታለሁ! የአንዱን ገበሬ ሱሪ ሁለቱን እግሮች አንድ ላይ ሰፍቼበት፣ ሰውየው እንደ ተጠለፈ በቅሎ እየዘለለ ነው ሊጣላኝ የመጣው።

ባለቤቴ እናኑ ደግሞ ሌላ ፍጥረት ናት። እናኑ ሕልም የላትም። ስትተኛ ተኝታ፣ ስትነሣ እንቅልፏን አሟጣ ነው የምትነሣ፤ ለቀን የምታሳድረው ትርፍ የለም። ስለዚህ የቤታችን ሕልም ሁሉ በእኔ ላይ ወድቋል። የተረፈውን ልጃችን ማንጠግቦሽ ወሰደችው።

ማንጠግቦሽ ያለችን አንዲት ልጅ ናት። ውኃ ቅጂ ስትባል እንስራዋን ታዝልና ቤተ ክርስቲያኑ ካብ ሥር ትቆማለች። ከካቡ ወዲያ የፊደል ተማሪዎች እየጮኹ ይማሩ ነበር። ሴት ልጅ ከነሱ ጋር ተቀምጣ መማር ያልተለመደ ነውና፣ የእሷ ትምህርት በካብ ቀዳዳ የሚገባው ብቻ ነው። ኋላ ጣሊያን ቆብ ያጠለቀውንና ደበሎ የለበሰውን ሁሉ «የአርበኛ ወሬ አቀባይ ነው» ብሎ ማሳደድ ሲጀምር፣ ተማሪዎቹም መምህራቸውም እንደ ጠዋት ጤዛ ጠፉ። ካቡ ቀረ። ማንጠግቦሽም የሰማችውን ይዛ ቀረች።

አንድ ቀን ክር እያጠነጠነችልኝ እንዲህ ስትል ሰማኋት፦

«ሀ ግዛ፣ ሁ ካብ፣ ሂ ሳል፣ ሃ ራብ፣ ሄ ሐምሌ፣ ህ ሳድግ፣ ሆ ሳብ!»

እኔ ማንበብ አልችልም። ፊደል እንዲህ ነው ቢሉኝ እንዲህ ነው ብዬ እቀበላለሁ። ደግሞም ካቡም፣ ሳሉም፣ ራቡም፣ ሐምሌውም በዚያ ዘመን ሞልቶ ተርፎ ነበርና፣ «እንዴት ያለ እውነተኛ ትምህርት ነው!» ብዬ አደነቅኩ። እናኑ ግን የቄስ ልጅ ናት። የምታበጥረውን ገብስ አስቀምጣ ሳቀች፤ ሳቋን ስትጨርስ ዐይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

«ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ ለማለት ነው እኮ! ልጅቱ የያዘችው ጆሮዋ የደረሰበትን ነው። መምህር ፈልግላት።»

«ከተማ ውስጥ ጣሊያን የከፈተው ትምህርት ቤት አለ ይባላል» አልኩ።

«እሱ ለወንድ ነው። እዚያም ቢሆን ፊደሉ ትንሽ፣ ሰልፉ ብዙ ነው። እዚሁ፣ በቤቷ ትማር።»

የኔታ ላቀውን ያገኘኋቸው እንዲህ ነው። ከዲማ የመጡ የቅኔ ሰው ናቸው፤ አሰሳው ሲበረታ ሸሽተው እኛ መንደር አንድ ዘመዳቸው ዘንድ ተጠግተዋል። ዕድሜ ጀርባቸውን አጉብጦታል። ቃላቸው ሁሉ ሁለት ሆድ አለው፤ «ደኅና አደሩ?» ቢሏቸው የሚመልሱትን ሰላምታ ቤት ወስዳችሁ ስትፈቱት ትውላላችሁ። ቅኔ የሚያስተምሩ ሰው ለአንዲት ሴት ልጅ ፊደል ያስቆጥሩልኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር። እሳቸው ግን ማንጠግቦሽ «ሂ ሳል» ስትል ሰምተው፣ ሻሻቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው፣ «ይህችስ ሳታውቀው ቅኔ ጀምራለች» አሉ። ደመወዛቸው ገብስ ሆነ፤ በዓመት አንድ እጀ ጠባብም ተጨመረበት።

«ሁለት እጅ ያለው» አለች እናኑ፣ ውላችን እንዲጠብቅ።

ትምህርቱ ተጀመረ። አቤት ያ ሰሞን! ጉሙ ደጅ ይንሳፈፋል፤ እኔ መኪናዬን እረግጣለሁ፤ ልጄ ከምድጃው ወዲያ ቁርበት ላይ ተቀምጣ ታዜማለች፤ የኔታ ምሰሶውን ተደግፈው አንዳንዴ ያርሟታል፣ አንዳንዴ ያንቀላፋሉ። ማን እንደ ነቃ፣ ማን እንደ ተኛ፣ ማን እንደሚሰፋ፣ ማን እንደሚሰፋለት የማይለይበት ደግ ጊዜ ነበር። እንዲህ ያለ ጊዜ ደግሞ ዕድሜው አጭር ነው።

አቶ ምትኩ መጣ። አቶ ምትኩ የጣሊያኑ ሹም አስተርጓሚ ነው። ከተሾመ ወዲህ ሆዱ ከሱሪው ቀድሞ መድረስ ስለ ጀመረ፣ በየጊዜው እየመጣ ወገቡን ያሰፋል። ልኩን ስወስድ ከውስጥ ድምፅ ሰማና ጆሮውን አቀና።

«ማን ነው?»

«ልጄ ናት።»

«ምን ታደርጋለች?»

«ሳል… ማለቴ ፊደል ትቆጥራለች።»

«ማን ያስቆጥራታል?»

ብልህ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ «እናቷ» ይላል። እኔ ግን ሜትሬን አንገቴ ላይ አድርጌ፣ ያ የወገብ ስፋት እስከ የት ሊደርስ እንደሚችል በሐሳብ እየተጓዝኩ ስለነበር፣ «የኔታ ላቀው» ብዬ እውነቱን ዘረገፍኩት።

«ፈቃድ አለህ?»

«አዎ፣ እናኑ ፈቅዳለች።»

አቶ ምትኩ አዘነልኝ መሰለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የመንግሥት ፈቃድ ነው የምልህ። በቤት ውስጥ ልጅ ማስተማር ሕግ አለው። ቤቱ መስኮት ይኑረው። ልጅ መሬት አይቀመጥም፣ አግዳሚ ወንበር ያስፈልጋል። በጓሮ የሽንት ቤት ጉድጓድ ይቆፈራል። ግድግዳ ላይ የጣሊያን ንጉሥ ሥዕል ይሰቀላል። የምታስተምረው የራስህን ልጅ ብቻ ነው፤ የጎረቤት ልጅ ከገባ ማኅበር ሰብስበሃል ማለት ነው። መምህሩም ሹሙ ፊት ይመረመራል።»

«ይህን ሁሉ ባላሟላስ?»

«መምህሩ ይወሰዳል።»

«ወዴት?»

አቶ ምትኩ ሱሪውን ወደ ላይ ሳብ አደረገ። «የተወሰደ ሰው ወዴት እንደሚሄድ አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ። ሹሙ ሰሞኑን ይህን መንደር ሊያይ ይመጣል። እንግዲህ እወቅበት።»

እሱ ሲሄድ መኪናዬ ቆሞ ነበር። እግሬ እምቢ አለኝ። ማንጠግቦሽ ውስጥ ሆና ታዜማለች፤ የኔታ ያንቀላፋሉ፤ እኔ ግን ያን ጊዜ ከሐሳቤ ሁሉ ነቅቼ ቁጭ አልኩ። መምህሩን ወደ ቤቴ ያመጣኋቸው እኔ ነኝ። ስማቸውንም ለአስተርጓሚ የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ገብቼ ነገርኳቸው። «የኔታ፣ ቢሄዱ ይሻላል። በቅሎ ለምኜ እሸኝዎታለሁ።»

«ልጄ፣ ከዲማ እዚህ ሸሸሁ። ከዚህ ደግሞ ብሸሽ የቀረኝ ሰማይ ብቻ ነው። ለእሱ አልቸኩልም» አሉና ጋቢያቸውን ሰበሰቡ።

እናኑ ወገቧን አሰረች። «ታዲያ መስኮት ለመቅደድ ምን ትጠብቃለህ? ጨርቅ ስትቀድ ትውል የለም?»

መስኮት ቀድጄ አላውቅም፤ የማውቀው አንገት መቅደድ ነው። ግድግዳውን በሜትር ለካሁ፣ በከሰል ምልክት አደረግሁ፣ በመጥረቢያ ጀመርኩ። ስጨርስ ወደ ኋላ ራቅ ብዬ ሳየው፣ ግድግዳዬ ላይ ያለው የደንበኛ እጀ ጠባብ አንገት ነው። ክብ! ከፊት በኩል እንኳ ትንሽ ወደ ታች ዘንበል ብሎ፣ ቁልፍ የሚደረግበት ሥፍራ ሁሉ አለው። እጅጌ ብቀጥልበት ቤቴን ለበዓል የሚለብሰው ሰው በተገኘ።

ከመስኮቱ መጀመሪያ የገባው ጉም ነው። ቀጥሎ የጎረቤታችን የወይዘሮ ዝማም ላም አንገቷን አስገብታ፣ በልኳ የቀደድኩላት ይመስል ገጠመላት፤ ማውጣት ግን አቃታት። ወይዘሮ ዝማም ጠላ ሻጭ ናት፤ ላሟን ልትጎትት መጣች። ላሟ ስትወጣ እሷ ክርኗን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ቀረች።

«አሁን ማንጠግቦሽ ያለችው ምንድን ነው? እንዴት ደስ ይላል!»

በማግስቱ እህቷን ይዛ መጣች። ከዚያ ምራቷ መጣች። ከዚያ ወፍጮ የሚሄዱትም፣ እንጨት የሚለቅሙትም፣ ሸክማቸውን ግድግዳዬ ላይ እያስጠጉ ቆሙ። የኔታ ከውስጥ «ሁ ካዕብ» ሲሉ ከውጭ የሴቶቹ ድምፅ «ሁ ካዕብ» እያለ በጉሙ ውስጥ ወደ ገብሱ ማሳ ይሄዳል። ካንቀላፋሁበት ስነቃ ገብሱ ራሱ የሚማር ይመስለኝ ነበር።

«እናኑ፣ የጎረቤት ልጅ አይማርም ተብሏል» አልኳት በፍርሃት።

«ልጅ ነው የተባለው። እናት አይማርም ያለ አለ?»

በመንግሥት ሕግ እንደ እናኑ የሚያላግጥ ጠበቃ በየት ይገኛል!

ቀጥሎ ጉድጓዱ መጣ። ጓሮዬ ድንጋይ ነው። ዶማዬ ሲያቃጭል መንደሩ ሁሉ ሰማና፣ ግማሹ «ጠመንጃ ሊቀብር ነው» አለ፤ ግማሹ «ወርቅ አግኝቷል» አለ። ወሬው በእግሩ ሄዶ ሮብ ገበያ ደረሰ። ጥቂት ቀን ቆይቼ ክር ልገዛ ገበያ ስወጣ፣ ጋቢውን እስከ አፍንጫው የተከናነበ ሰው በእህሉ ተራ በኩል ጎኔን ነካ አደረገኝ። ከጋቢው ሥር የጠመንጃ አፈሙዝ ይታያል። ከዱር የወረደ ሰው መሆኑ ገባኝ።

«ለጣሊያን ጉድጓድ የምትቆፍር አንተ ነህ?»

«ኧረ እኔስ ለልጄ ነው የምቆፍር!»

ሰውየው ትንሽ ደነገጠ። «ልጅህ ሞተች?»

«አልሞተችም! ልትማር ነው።»

«ለመማር… ጉድጓድ?»

ላስረዳው ሞከርኩ። መስኮቱን፣ አግዳሚውን፣ ሽንት ቤቱን፣ ሥዕሉን፣ የኔታን። ባስረዳሁት ቁጥር ነገሩ ለራሴም እየጠፋኝ ሄደ። በመጨረሻ ሰውየው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ።

«በል አስተምር። ግን መምህሩ ቢወሰዱ፣ ጉድጓዱ የሚገባበት ሰው አያጣም።»

ክሩን ሳልገዛ ተመለስኩ። እንግዲህ ሁኔታዬን ተመልከቱት። ጉድጓዱን ባልቆፍር ጣሊያን፣ ቆፍሬም መምህሩ ቢወሰዱ አርበኛ። አንዲት ሴት ልጅ «ሀ» እንድትል ሁለት ጦር መካከል ገብቻለሁ!

አግዳሚ ወንበር በመንደሩ ያለው የወይዘሮ ዝማም ጠላ ቤት ብቻ ነው። ለመንናት፣ ሰጠችን። ነገር ግን አግዳሚው ከነባለቤቱ መጣ። አያ ጫኔ የሚባል ሽማግሌ ጠላ ጠጪ ጥግ ጥጉን ይዞበት ሲቀመጥ ስለ ኖረ፣ እንጨቱ በቂጡ ልክ ጎድጉዶለታል። አግዳሚውን ተሸክመን ስንወጣ ዋንጫውን ይዞ ተከተለን።

«አያ ጫኔ፣ ይህ እኮ ለትምህርት ነው።»

«እኔ ምን አልኩ? ቦታዬ በሄደበት እሄዳለሁ።»

ማንጠግቦሽ አጠገብ ቁጭ አለ። ከጠጣ በኋላ ከሁሉ ጮክ ብሎ የሚያዜም እሱ ነው።

የንጉሡ ሥዕል ሳይገኝ ቀረ። መቼም ባዶ ግድግዳ ከምናሳይ ብዬ፣ ከአቡጀዲ ጣቃ ላይ የላጥኩትን የፋብሪካ ወረቀት ለጠፍኩ፤ ትልቅ ጢም ያለው፣ ቆብ የደፋ፣ ደረቱ የሰፋ ሰው ሥዕል ነው። ንጉሥ ሁሉ ጢም አለው ብዬ ነው። የአገራቸውን ንጉሥ እኔ የት አይቼው አውቃለሁ?

ሹሙ የመጣበት ጠዋት ጉሙ እንደ ወተት ረግቶ ነበር። በቅሎዋን ሳናይ ኮቴዋን ሰማን። ቀጥሎ አቶ ምትኩ ከጉሙ ወጣ፤ ከኋላው ሁለት ወታደሮች፤ ከነሱ ኋላ ሹሙ። ከሩቅ ስሙን ስንሰማ ግዙፍ ሰው ይመስለን ነበር። ቀጭን፣ ፊቱ የገረጣ፣ ብርድ የመታው ሰው ነው። ያስላል። ወታደሮቹ ደጃፉን ያዙ።

ሹሙ ገባና መስኮቱን አየ። አንድ ነገር ተናገረ።

«ለምን ክብ ሆነ ይላል» አለ አቶ ምትኩ።

«አንገት ስለሆነ ነው ጌታዬ።»

አቶ ምትኩ ዐይኑን ለአፍታ ጨፈነና በጣሊያንኛ ሌላ ነገር ተናገረ። ምን እንዳለው እስከ ዛሬ አላውቅም። በመስኮቱ የወይዘሮ ዝማም፣ የእህቷና የምራቷ ራስ አንዱ ባንዱ ላይ ተደርቦ ይታያል። ሹሙ ቆቡን ነካ አድርጎ ሰላም አላቸው። ሦስቱም ራሶች ባንድ ላይ ተሰወሩ፤ ትንሽ ቆይተው ባንድ ላይ ብቅ አሉ።

ከዚያ አግዳሚውን አየ። አያ ጫኔ ተነሥቶ፣ ዋንጫውን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ እንደ ወታደር ቀጥ አለ።

«የራሱ ልጅ ብቻ ነው የሚማር ተብሏል። ይህ ሰውዬ ማን ነው ይላል» አለ አቶ ምትኩ።

እናኑ ፈጥና፣ «ልጃችን ነው» አለች።

ሹሙ የአያ ጫኔን ነጭ ጢም አየ፤ እናኑን አየ፤ እኔን አየኝ። አያ ጫኔም ነገሩን ሊያግዝ ብሎ «አባዬ!» አለኝ።

አቶ ምትኩ ላብ አጠመቀው። ሹሙ አሁን ግድግዳው ጋ ደርሷል። ባለ ጢሙን ሰው አተኩሮ ያያል። አቶ ምትኩ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ፣ «አንተ ሰው፣ ይህ የጨርቅ ነጋዴ ነው! ልታስፈጀን ነው?» አለኝ። ንጉሥ አለመሆኑን ያን ጊዜ አወቅሁ።

ሹሙ ግን ዐይኑ ሌላ ቦታ ሄዶ ነበር። የኔታ ላቀው ምሰሶውን ተደግፈው፣ ራሳቸውን ጣል አድርገው ተኝተዋል። አፋቸው ገርበብ ብሏል። ሹሙ ዞሮ ሲናገር ድምፁ ተለወጠ፤ ከመጣ ጀምሮ የነበረው ልስላሴ ጠፋ።

«መምህሩ ይህ ነው? ከየት የመጣ ነው? ዘመድ አለው? የገዳም ሰው ነው ይባላል፤ ዱር ካሉት ጋር ይላላካል? ተነሥቶ ይመልስ ይላል።»

አንዱ ወታደር ከደጃፉ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገባ። እናኑ፣ ያቺ ምንም የማይበግራት እናኑ፣ እጄን ያዘችኝ። ማንጠግቦሽ ማንም ሳያዛት ተነሣች። በወታደሩና በምሰሶው መካከል አለፈችና የኔታ ጋ ተንበረከከች።

«የኔታ… የኔታ… እንግዳ መጥቷል።»

የኔታ ዐይናቸውን ቀስ ብለው ገለጡ። የት እንዳሉ የጠፋቸው ይመስል ዙሪያውን አዩ። «ምነው ልጄ? ሕልም ላይ ነበርኩ እኮ።»

አቶ ምትኩ ተረጎመ። ሹሙ ቅንድቡን ሰበሰበ።

«ምን ሕልም ይላል።»

«እሳቸውን ነው ያየሁ» አሉ የኔታ፣ ሹሙን በአገጫቸው እያመለከቱ። «እሳቸውንና ጓደኞቻቸውን። ያሠሯት መንገድ እንደ አዲስ ሸማ ነጭ ሆና ተዘርግታ ትታየኛለች። ይሄዳሉ። ይሄዳሉ። ካሚዮናቸው አይሰበር፣ በቅሏቸው አይደክም። የሚተኩስባቸው የለም፤ የሚያስቆማቸውም የለም። ገበሬው ከማሳው ቀና ብሎ ያያቸዋል፣ እነሱም እጃቸውን ያነሣሉ። እኔም ከካብ ላይ ሆኜ ‹መንገዱ ደግ መንገድ ነው፤ ለመሄጃችሁ ያድርግላችሁ። በደኅና ያስኬዳችሁ!› እያልኩ ስመርቃቸው ይህች ልጅ ቀሰቀሰችኝ።»

ከመስኮቱ አንዱ ራስ «እሰይ!» አለና ሌሎቹ አፉን ያዙት። ሰሙን ለወሰደ ሰው መልካም የመንገደኛ ምርቃት ነው፤ ሂዱ፣ ያቅናችሁ። ወርቁን ያየ ሰው ግን የሚሰማው «ሂዱ»ን ብቻ ነው። ከአገራችን ውጡ፣ መንገዱንም ሠርታችሁ ጨርሳችኋል! አቶ ምትኩም የደብር ልጅ ነውና ሁለቱንም በአንድ ጊዜ አየ። ምን ብሎ እንደሚተረጉም ሲያወጣ ሲያወርድ፣ ያሰፋሁለት ወገብ ሲጠብበት አየሁት። በኋላ እንደ ምንም ጀመረ። ቃል በቃል እያስቀመጠ፣ በእንቁላል ላይ እንደሚሄድ ሰው ተረጎመ።

ጉሙ በአንገት መስኮቴ እየገባ በቤቱ መካከል ይዞራል። ሹሙ አንድ ቃል ጠየቀ።

«የመንገዱ መጨረሻ ምን ነበር ይላል።»

የኔታ ትንሽ አሰቡ። «ባሕር» አሉ። «ባሕሩ ዳር አንዲት እናት እጇን በግንባሯ ላይ ከልላ ትመለከታለች።»

አቶ ምትኩ ሲተረጉም ሹሙ ቆቡን አወለቀ። ከዚያ ሁላችንም ያልጠበቅነውን አደረገ፤ ሄዶ አግዳሚው ላይ፣ አያ ጫኔ አጠገብ ቁጭ አለ። ቆቡን በጉልበቱ ላይ አስቀመጠና መስኮቱን፣ ከመስኮቱ ወዲያ ምንም የማይታይበትን ጉም አየ። አያ ጫኔ ጥቂት አመነታና ዋንጫውን አቀበለው። ሹሙ ጠጣ። ጠላው ጎምዛዛ ስለሆነ ይሁን በሌላ ምክንያት፣ ዐይኑ ረጠበ። ሲናገር ድምፁ እንደ ልጅ ሆነ።

«እናቱ የባሕር ዳር ሰው ናት ይላል» አለ አቶ ምትኩ። «ከዚህ ብርድ ውስጥ ሆኖ የባሕሩን ሽታ ረስቶታል ይላል። ለሽማግሌው… እንዳሉት ያድርገው በላቸው ይላል።»

«አሜን» አለች ወይዘሮ ዝማም ከመስኮቱ። እናኑም አሜን አለች። ሁለቱም ወታደሮች አሜን አሉ። ሁሉም ከልቡ ነበር። የማን ምኞት የማን እንደ ሆነ ማንም አልለየም።

ሹሙ ተነሥቶ ቆቡን ደፋ። ለአቶ ምትኩ ጥቂት ነገር ነግሮ፣ ሲወጣ ባለ ጢሙን ሰው ዳግመኛ አየና አንድ ነገር አጉረመረመ። እሱና ወታደሮቹ ጉሙ ውስጥ ከገቡ በኋላ አቶ ምትኩን እጅጌውን ይዤ አስቀረሁት።

«ምን አለ?»

«ትማር አለ። ሁሉም ይማሩ አለ፣ ያ ሽማግሌ ልጅህም ጭምር። ለመስኮቱ ግን መዝጊያ አብጅለት፤ ልጅቱን ሳል ይይዛታል አለ።»

«ስለ ሥዕሉስ?»

አቶ ምትኩ ግራና ቀኝ አየ። «ከኛው ንጉሥ ይሻላል አለ። ይህን እኔ አልተረጎምኩም፣ አንተም አልሰማህም።»

«የየኔታን ነገርስ? ሰሙን ነው የተረጎምክለት አይደል?»

«ሁለቱንም ነው» አለ አቶ ምትኩ፤ ፊቱ እንደ ተገረመ ሰው ነው። «ሰሙን ብቻ ልነግረው ነበር፣ አላስቻለኝም። ወርቁን ሲሰማ ነው ቆቡን ያወለቀ። ሰውየው እኮ ከኛ ይልቅ እሱ ነው መሄድ የሚፈልገው!»

ከዚያ በኋላ ሹሙ በዚያ ሲያልፍ በቅሎውን መስኮታችን ሥር ገታ እያደረገ ያስጠይቅ ጀመር። «ሽማግሌው መንገዱን አየ ወይ?» የኔታም «ዛሬ ጉም ነው፤ አልታየኝም» ይሉታል፤ ወይም ደስ ሲላቸው «ትንሽ ተጠግታችኋል» ይሉታል። ያ ጋቢ የተከናነበ ሰው ደግሞ ወሬው ዱር ድረስ ደርሶት ኖሮ፣ ሮብ ገበያ ላይ አንድ ቅል ማር አስያዘኝ። «ለመምህሩ» አለኝ። ሲስቅ ጋቢው ከአፍንጫው ወረደና ፊቱን አየሁት፤ ሱሪውን የሰፋሁበት፣ እንደ በቅሎ የዘለለው ገበሬ ነው! አወቀኝ፣ አወቅሁት፤ ሁለታችንም ያላወቅን መስለን ተለያየን።

ማንጠግቦሽ ንባብ ጨርሳ ዜማ ስትጀምር ጣሊያን ወጣ። ቀኑን ሙሉ ካሚዮን በዚያች መንገድ ሲያልፍ ዋለ። ሴቶቹ ካብ ላይ ወጥተው ያያሉ። ማንም ድንጋይ አልወረወረም። ሹሙን ብንፈልገው አላየነውም። ከፊተኞቹ ጋር አልፎ ይሁን፣ ሌላ መንገድ ወስዶት ይሁን፣ ባሕሩ ዳር ደርሶ ይሁን አላወቅንም።

ማምሻውን፣ አቧራው ሲተኛ፣ ሁላችንም ደጅ ተቀምጠን ነበር። የኔታ ጋቢያቸውን ተከናንበው ዐይናቸውን ጨፍነዋል። ማንጠግቦሽ አጠገባቸው ሄደች። ያን ጊዜ ልጅ አልነበረችም፤ ድምፅዋን መመጠን ታውቃለች።

«የኔታ፣ ዛሬ ሰውየው የለም፤ እውነቱን ይንገሩኝ። ያን ሕልም በእውነት አይተውት ነው?»

የኔታ ዐይናቸውን ሳይገልጡ ፈገግ አሉ።

«ሕልሙንስ አይቼዋለሁ ልጄ» አሉ። «እንቅልፉን ነው ያልተኛሁት።»